ለማነቃቂያ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ስለተወሰደብኝ የጁምዓ እንቅልፍ

ለተከበሩ ሐጂ መሐመድሰዒድ
የአል ፈይሰሊያ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ማነቃቂያ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ደማም

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎት እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ መላው ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ ጉልበትዎን ያበርታልን፣ ድምፅዎንም ይጠብቅልን። ስለ ድምፅ ማጉያው አልሰጋም፤ ያን ሁሉ ሰዓት ሲያገለግልዎት አንድም ጊዜ ሲደክመው አላየሁም።

እኔ ለድግስ በሚከራየው ኢስቲራሓ አዳራሽ «ድካም የማታውቀው ልጃችን» ብለው ለሕዝብ ያስተዋወቁኝ ረምዚያ ኸጣብ ነኝ። በዕለቱ ላልነበሩ አንባቢዎች እንዲገባ ያህል፣ እዚሁ ሳዑዲ፣ ደማም ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ የነርስነት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ ጠዋት ጠዋት ክፍል ወይም የሆስፒታል ልምምድ ላይ እውላለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ከዐስር ሰላት ወዲህ ደግሞ ጎረቤት ከተማ ኾበር ሄጄ ሱቁ እስኪዘጋ ዓባያ፣ ያን ጥቁር የሴቶች ቀሚስ፣ እሸጣለሁ። ደብዳቤውን በማኅበረሰባችን የዋትሳፕ ግሩፕ ላይ በግልጽ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ እርስዎም ስለ እኔ የተናገሩት በግልጽ ስለነበር አደቡን ከእርስዎ ተምሬ ነው።

የተዋወቅነው፣ እንደሚያስታውሱት፣ ባለቤትዎ የዒድ ዓባያ ሊገዙ ወደ ሱቃችን የመጡ ዕለት ነው። እሳቸው አንዱን አውልቀው ሌላውን ሲለብሱ እኔ ከሒሳብ መቀበያው ጀርባ ቆሜ ስለ ልብ ደም ሥሮች የያዝኩትን ማስታወሻ አነብ ነበር። እርስዎም አይተውኝ በአባትነት ስለ ኑሮዬ ጠየቁኝ፤ እኔም በልጅነት መለስኩ። በመጨረሻ «ለመሆኑ መቼ ነው የምትተኚው?» አሉኝ። «በሌላው ቀን ቁርጥራጭ ነው፤ ጠግቤ የምተኛው ጁምዓ ከሰላት በኋላ ብቻ ነው» አልኩዎት። «ማሻአላህ» ብለው ራስዎን ነቀነቁ። ያን ጊዜ ያዘኑልኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቀን እየያዙ ኖሯል።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፣ «በሥራና በትምህርት መካከል ጉልበትን ጠብቆ መኖር» የተባለው የኮሚቴው ፕሮግራም ጁምዓ ከሰላት በኋላ እንዲሆን ስለወሰኑ ከልብ አመሰግናለሁ። ለእናቴ ደውለው «ልጅሽ ከሳምንቱ ሁሉ ነጻ የምትሆነው በዚያች ሰዓት ብቻ ስለሆነ ለሷ ስንል ነው ያመቻቸነው» ማለትዎን ሰምቻለሁ። እናቴ ሙህሲና ዕድሜዋን በሰው ቤት ስትሠራ የኖረች ሴት ናት፤ ልጇ በአዳራሽ ስሟ ሲጠራ እንድታይ ተጋብዛ እምቢ ማለት አልቻለችም። እኔም እሷን እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ ሳይደርስ ስልክ ቁጥሬ በግሩፑ እንዲለጠፍ ስላደረጉ ባለውለታዬ ነዎት። ከኮሌጅ ወደ ኾበር በምሄድበት ሚኒባስ አንገቴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ የማሸልባት አጭር እንቅልፍ ነበረችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ያቺ ሰዓት የምክር አገልግሎት መስጫ ሆነች። ልጆቻቸው አልነቃ ያሏቸው እናቶች ይደውላሉ። አንዷ የማልደክምበት ምሥጢር ጥቁር አዝሙድ በማር መሆኑን እንዳምንላቸው አጥብቀው ጠየቁኝ። «እትዬ፣ ልጅዎ ቢተኛ ይሻለዋል» ስላቸው «እሺ የኔ ልጅ፣ መንገር ካልፈለግሽ ይቅር» ብለው ዘጉት።

ሦስተኛው ቅሬታዬ የዕለቱን ዝግጅት ይመለከታል። ኢስቲራሓ በአረብኛ ማረፊያ ማለት መሆኑን ለእርስዎ መንገር ድፍረት ነው። ሐሙስ ማታ ሱቁ የሳምንቱን ገበያ ስለሚያስተናግድ እግሬ አብጦ ነበር የመጣሁት። ኮሚቴው ግን በክብር ተቀብሎ፣ ሙሽራ የምትቀመጥበትን ትልቁን ለስላሳ ወንበር መድረኩ ላይ ሰጠኝ፤ ቅዝቃዜው ደስ የሚል ኤሲም ከራሴ በላይ ነበር። ከዚያ እርስዎ ንግግርዎን ጀመሩ። ከንጋቱ የሱብሒ ሰላት በፊት ተነስቶ በባሕሩ ዳር፣ በአል ሻጢእ ኮርኒሽ መራመድ፣ ውሃ ማብዛት፣ ቀንን በዕቅድ መከፋፈል፣ ብሩህ ፊት ማሳየት፤ እያንዳንዱ ምክር የራሱ መግቢያና የራሱ ታሪክ ነበረው። እንቅልፍን ከስንፍና ጋር ሲመድቡት ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሰማሁት ከሌሎች ነው፤ ምክንያቱም ተኝቼ ነበር።

እንደነገሩኝ፣ እርስዎ ፊትዎን ወደ ሕዝቡ እንዳደረጉ እጅዎን ወደ እኔ ዘርግተው «ይህችን ልጅ ተመልከቷት» ብለው ነበር። ሕዝቡም በታዛዥነት ተመለከተኝ። አፌን ከፍቼ ነበር አሉ። ከኋላ ሳቅ ሲነሳ ንግግርዎ የተወደደ መስሎዎት «አዎ፣ ደግማችሁ ተመልከቷት» አሉ። አንዳንድ ሴቶች የሞትኩ መስሏቸው ቁርኣን መቅራት ጀመሩ። በዚህ መሐል እናቴ መድረክ ላይ ወጥታ ትከሻዬን ይዛ «ረምዚ፣ ተነሺ፣ አታዋርጂኝ» አለችኝ። እኔ ጥቁር ልብስ የለበሰች ሴት ፊቴ ቆማ በማየቴ፣ ክፍት በነበረው ድምፅ ማጉያ፣ በጨዋ አረብኛ «ኸላስ ማዳም፣ ሱቁ ተዘግቷል» አልኳት።

አዳራሹ በሳቅ ሲናወጥ እናቴ አልሳቀችም። እጄን ይዛ አወረደችኝ። ወደ ቤት ስንመለስ በአባቴ መኪና መስኮት ውጭ ውጭውን እያየች በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ስትጠርግ ሳይ፣ ሐጂ፣ ያን ጊዜ እንቅልፌ በእርግጥ ጠፋ። ስለ ማነቃቂያው ኮሚቴውን አመሰግናለሁ።

አራተኛ፣ በማግሥቱ በግሩፑ ላይ «ልጅቷን የሰው ዓይን በልቷት ነውና ቁርኣን ተቀርቶባት ሩቅያ ይደረግላት» የሚል መግለጫ ስላወጡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከመግለጫው በላይ የተለጠፈው፣ መድረክ ላይ ተኝቼ የሚያሳየው ቪዲዮ ግን እግር አውጥቶ እኔ ወደምለማመድበት ሆስፒታል ሄደ።

ከዚህ በኋላ ላለው የቅሬታ ቁጥር አልሰጠሁትም፤ በእኔ ላይ የደረሰውን ነው የምነግርዎት።

የልምምድ ኃላፊያችን ሲስተር ራውዳ ሱዳናዊት ናት፤ በከንቱ የማትቆጣ፣ በከንቱም የማትስቅ ሴት። ቢሮዋ ጠርታ ቪዲዮውን አሳየችኝ። «እዚህ ሆኖብሽ ያውቃል?» አለችኝ። አልሆነብኝም፤ እንዳይሆንብኝ ስል ግን በዎርድ ውስጥ ከተቀመጥኩ ቆይቻለሁ፤ የበሽተኛ መዝገብ እንኳ ቆሜ ነው የምጽፈው። ይህንኑ ነገርኳት። «ቆመሽ የምትተኚበት ቀን ሲመጣ እጅሽ ላይ የሰው መድኃኒት ይኖራል» አለችና ማታ ማታ የምሠራውን ካላስተካከልኩ ወደ ዎርድ እንዳልመለስ ነገረችኝ። ልምምዱ ከተቋረጠ ዓመቱ ይደገማል። ሱቁን ከተውኩ ደግሞ ኮሌጁን የሚከፍልልኝ የለም። ከቢሮዋ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር እሷን መጥላት ፈልጌ ነበር፤ ግን ልክ ነበረች፣ እኔም አውቀው ነበር።

ለባልደረባዬ ለትንሳኤ ነገርኳት። ትንሳኤ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ በሱቁ ከእኔ በፊት የቆየች፣ ብዙ የማታወራ። «አንቺ ዘግይተሽ የምታመሺባቸውን ቀኖች እኔ ልያዛቸው፤ የእኔን ቅዳሜ ቀን አንቺ ሥሪልኝ» አለች። ለማመስገን አፌን ስከፍት «ሂጂ ተኚ» ብላ ወደ መደርደሪያው ዞረች። ስለ ጉልበት አጠባበቅ ከሰማኋቸው ንግግሮች ሁሉ አጭሩ እሱ ነው። የሱቁ ባለቤትም ፈረቃው እስካልጎደለ ድረስ ማን እንደቆመ ግድ አልነበረውም። ሲስተር ራውዳ አዲሱን ፈረቃዬን አይታ ለጥቂት ጊዜ ፈተነችኝና ወደ ዎርድ መለሰችኝ።

ያልተስተካከለው የእናቴ ነገር ነበር። ከዎርድ መታገዴን ስትሰማ ምንም አላለችም፤ ለብቻዋ ግን «እኔ ነኝ እሺ ያልኩት» እያለች ስትመላለስ አባቴ ሰምቷታል።

እርስዎም በሚቀጥለው ጁምዓ ከሰላት በኋላ ቤታችን መጡ። የምስጋና ወረቀት ይዘው፣ የኮሚቴው ስም እንዲታደስ ሁለተኛ ፕሮግራም ሊያዘጋጁ እንዳሰቡ፣ በዚህኛው ግን ቆሜ እንድናገር እንደሚያደርጉ ለመንገር። እናቴ በሩን ከፍታ ከደጃፉ አልተነቃነቀችም። በእርስዎ ፊት ድምፅ ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት መሆኗን ያውቃሉ።

«አንድ ጊዜ ቀስቅሻት፣ ሙህሲና፤ ወረቀቱን ላስረክባት» አሏት።

«ሐጂ፣ ልጄ ደክሟት ተኝታለች» አለች። «እንደማንኛውም ሰው ይደክማታል። ሌላ ቀን ይምጡ፤ ጁምዓ ግን አይምጡ።»

ከዚያም በቀስታ፣ በሩ ድምፅ እንዳያሰማ በእጇ ይዛ ዘጋችው። ይህን ሁሉ የነገረኝ አባቴ ነው፤ እኔ አልሰማሁም። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪደርስ ድረስ ተኝቻለሁ፤ ስነሳ እናቴ ከበሩ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ለሰጡኝ ክብር፣ ላበዙልኝ ዝና፣ እንዲሁም እናቴን ከነበረችበት ዝምታ ስላነቃቁልኝ ከታላቅ አክብሮት ጋር እያመሰገንኩ፣ ለወደፊቱ በኮሚቴው ዘንድ ድካም እንደምታውቅ ልጅ እንድመዘገብ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አክባሪ ልጅዎ፣
ረምዚያ ኸጣብ
አል ፈይሰሊያ፣ ደማም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለሁለተኛው ፕሮግራም ተናጋሪ እንዳጡ ሰማሁ። ልጅዎ ጂብሪል ትምህርቱን ካቋረጠ ወዲህ እስከ እኩለ ቀኑ የዙህር አዛን ድረስ እንደማይነሳ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ስለ ዕረፍት ከእሱ የበለጠ የሚያስረዳን ያለ አይመስለኝም። ፕሮግራሙን ግን ጠዋት ማድረግ እንዳይረሱ፤ ከሳምንቱ ሁሉ ነጻ የሚሆነው በዚያች ሰዓት ነው።