ደጉ የበላልህ ጉርሻ

ደሴ፣ ጥቅምት

ይድረስ ለልጄ፣ ኮምቦልቻ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህስ? ይህን ስጠይቅህ ደህና ነኝ ብለህ እንዳትመልስልኝ እለምንሃለሁ። በስልክ ሁልጊዜ የምትለኝ እሱን ነው። ከዚያ የእኔ ድምፅ ይሰበራል፣ አንተ ሥራ አለብኝ ትላለህ፣ ስልኩ ይዘጋል። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ። ፊደሌ እንደምታውቀው የመሠረተ ትምህርት ፊደል ነው፤ እጄም ቶሎ ይደክመዋል። አንድ ቀን ጽፌ አንድ ቀን እያረፍኩ ነው። መስመሩ ቢጣመም ታግሰህ አንብብልኝ።

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ብርዱ ገብቷል። ጎረቤታችን ኡሙሰልማ ከነልጆቿ ደህና ናት፣ ሰላም በይልኝ ብላለች። ቤቱ ያው ነው። የወንድምህን የደጉን ጋቢ ከተሰቀለበት አላወረድኩትም። ነገ አወርደዋለሁ እያልኩ ዓመት ሊሞላው ነው።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ሹፌሩ ምንይሉ ነው። ደጉን ካስቀረብን ከዚያ ከሐረጎ ዳገት የመኪና አደጋ ወዲህም ያንኑ መንገድ በሚኒባሱ ይመላለሳል፤ ደሴ ሲገባ አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ ሳያየኝ አይሄድም። ባለፈው ኮምቦልቻ ምሳ ጋብዞህ እንደነበር ነገረኝ። ሾርባ አዘህ፣ ሁለት ማንኪያ ቀምሰህ፣ ሰው ይፈልገኛል ብለህ ወጣህ አሉ። እንዴት ነው ሰውነቱ ብዬ ስጠይቀው፣ «እማማ፣ ቀበቶው ብቻ ነው የቀረው» አለኝ። ለሙት ዓመቱም እንደማትመጣ፣ ሥራ እንደማይለቁህ ነግረኸዋል። ልጄ፣ የምትሸሸው ማዕዱን እንደሆነ አውቃለሁ።

ይህ ነገር የጀመረህ ኮሌጅ ጨርሰህ ሥራ በያዝክበት ዓመት ነው። መጀመሪያ ሥጋ ብቻ ነበር የሚሰነቀርብህ። ቀጥሎ ዳቦ። በኋላማ ጥርስ የማይፈልግ ፍትፍት ደረትህ ላይ ቆሞ ዓይንህ እንባ ያቀርር ጀመር። በየጉርሻው ውሃ ነው። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህ ልጅ ምግብ ነው የሚበላው ወይስ ባቄላ ነው የሚለቅመው ይል ነበር። አክስትህ ገበያነሽ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ስትበላ አይታ፣ ቡዳ ብሎ የሚፈራው እኛን ነው እንዴ ብላ ተቀየመች። ጤና ጣቢያ ወሰድኩህ፣ ጨጓራ ነው ተባለ። ጠበልም ወሰድኩህ። ትንሽ ሻል ይልህና ይመለሳል። በዐቢይ ጾም ይሻልሃል፣ ፋሲካ ሲገባ ይብስብሃል። ሰው ሁሉ በፋሲካ ሲወፍር አንተ ትከሳለህ። ገበያነሽ ይህንንም በራሷ ፈታችው፤ ልጁ ባሕታዊ ሊሆን ነው አለች።

ያወቀህ ደጉ ብቻ ነበር። ሰርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ ሰው ጠቅልሎ ወደ አፍህ ሲዘረጋ እሱ አንገቱን አስግጎ መሃል ይገባል። «ታላቅ ሳይጎርስ ታናሽ አይጎርስም» ይልና ላፍ ያደርገዋል። ሰው ይስቃል። ሆዳም አሉት፣ የጉርሻ ቀማኛ አሉት። እሱም አብሮ እየሳቀ ይውጣል። ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ አንድም ቀን ለማንም አልተናገረም፤ ለእኔም አልነገረኝም። እኔ ግን ከጓዳው በር ላይ ቆሜ አየው ነበር። ጎርሶ ሲያበቃ ወደ አንተ ሰረቅ አድርጎ ያይ ነበር።

የደጉ አርባ ከገና በኋላ ስለዋለ በግ ታርዶ ነበር። ገበያነሽ እያለቀሰች ጠቀለለችና ወደ አንተ መጣች። «ለወንድምህ ነፍስ ብለህ» አለችህ። ለወንድም ነፍስ የተባለ ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? መሃል የሚገባ ሰው ደግሞ አልነበረም። ጎረስክ። ከዚያ ምራቅህን መዋጥ አቅቶህ፣ ደረትህን ይዘህ ወጣህ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሐዘኑ ነው፣ ተዉት አለ። እኔ ነጠላዬን እንኳ ሳላነሳ ተከተልኩህ። ሆስፒታል ያደረሰንም ይኸው ምንይሉ ነው።

በካሜራ ገብተው ሥጋውን አወጡልህ፤ ከጉሮሮህም ቆንጥረው ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ላኩ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ሁለታችንን አስቀምጠው አስረዱን። ከአለርጂ የሚመጣ የምግብ ቧንቧ ቁጣ ነው አሉ፣ የአስም ዘመድ ነገር። ሰውነቱ ምግቡን እንደ ጠላት ስለሚቆጥረው ኢዮሲኖፊል የሚባሉ የደም ሕዋሳት እዚያ ይከማቻሉ፤ ዓመታት ሲቆይ ቧንቧው እንደ ጠባሳ ይጠነክርና ይጠባል አሉ። ካንሰር ነው ወይ አልኳቸው። አይደለም አሉኝ። ይገድለዋል ወይ አልኳቸው። «አይገድለውም እናቴ፤ ግን አይተወውም» አሉኝ። ያን ቀን እኔ የሰማሁት አይገድለውም የሚለውን ብቻ ነው። ልጅ የቀበረች እናት ከዚያ ወዲያ ያለው አይሰማትም።

መድኃኒቱን ጀመርክ። ያንን የአስም መንፊያ አፍህ ውስጥ እየነፋህ፣ ወደ ሳንባህ ሳትስብ ትውጠው ነበር። ወተትም ስንዴም ተው ተባልክ። ጾሙም ገባ። ፊትህ ተመለሰ፣ ዳንኩ አልክ። ክረምት ላይ አንተ ጋ ስመጣ ግን መድኃኒቱን ከአልጋህ ሥር አቧራ ለብሶ አገኘሁት። ለምን ብዬ ስጠይቅህ ያልከኝ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። «ወንድሜ አፈር ለብሶ እኔ ጉሮሮዬን ላስታምም?» አልከኝ። ሐረጎን ወጥቼ ደሴ እስክገባ መልሱን ስፈልግ ነበር፤ አላገኘሁም። አሁን ግን አለኝ። ደጉ ያን ሁሉ ዘመን ሆዳም እየተባለ የጎረሰልህ አንተ እንድትኖርለት ነው። አንተ ከተራብክ እሱ በከንቱ ተሰደበ።

ባለፈው ወር ለብቻዬ ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኳቸው። ሲሻለው የዳነ ይመስለዋል፣ ቁጣው ግን ከሥር ይመለሳል አሉኝ። ቢጠብም በፊኛ ማስፋት ይቻላል፤ ማስፋቱ ግን ቁጣውን አያበርደውም። እንደ ስኳር፣ እንደ ደም ግፊት አብረውት የሚኖሩት ነገር ነው አሉ። በጾም እንደሚሻልህ ስነግራቸው ወተቱና እንቁላሉ ስለሚቀር ይሆናል ብለው ከካርድህ ላይ ጻፉት። ከዚያ ቀና ብለው፣ ይህ ነገር በቤተሰብ ይሄዳልና ሌላ እንዲህ የሚያደርገው ሰው ቤታችሁ አለ ወይ አሉኝ። ደጉ የለበትም፣ ደጉ ድንጋይ ቢጎርስ ይወርድለት ነበር አልኳቸው። ሌላስ አሉኝ። ተነስቼ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

ይህን ለኡሙሰልማ ስነግራት፣ «ወላሂ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ተጎራብተን ስትጎርሺ አይቼሽ አላውቅም» አለችኝ። «ሰው ሁሉ በልቶ ሲያበቃ ጓዳ ትገቢያለሽ። ምን አለ እዚያ ጓዳ?» የእናት ወግ ነው፣ እናት መጨረሻ ነው የምትበላ አልኳት። ልጅ ሆኜ ኩታበር ሳለን እናቴም እንዲሁ ነበረች፤ ውሃ በቅል ይዛ ጓዳ ትገባለች፣ ቶሎም አትወጣም። ኡሙሰልማ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። ነገሩ ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ።

አሁን የምልህን ስማኝ። ሙት ዓመቱ ጾመ ነቢያት ውስጥ ነው የሚውለው። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ። ሽሮውን አቅጥኜ እሠራዋለሁ። ገበያነሽን አስቀምጬ ያለብህን ሁሉ ነግሬያታለሁ። መጀመሪያ ተቆጣች፤ ከዚያ በእጄ ልገድለው ነበር እንዴ ብላ አለቀሰች፤ እኔው አጽናናኋት። አሁንማ ብሶባታል፤ ላጉርስህ የሚል ከመጣ እንደ ደጉ አንገቴን አስግጌ መሃል እገባለሁ ትላለች። ማላመጫ ጥርስ እንኳ የላትም።

እኔም ያን ቀን ጓዳ አልገባም። አጠገብህ እቀመጣለሁ፤ አንድ ጆግ ውሃ በመካከላችን ይሆናል። ሰው በልቶ ሲጨርስ ይነሳ። እኔና አንተ ቀስ ብለን እንበላለን።

መድኃኒቱን ግን እስከዚያ አታቆየው። ጊዜው ካላለፈበት አቧራውን ጠርገህ ዛሬውኑ ጀምር። ሐኪሙ ዘንድም ቀጠሮ አስይዝ። ስታስይዝ ለሁለት ሰው አስይዝ። ሁለተኛው ማን ነው ብለህ በስልክ እንዳትጠይቀኝ፤ ስትመጣ እናወራለን።

ደክሞኛል፣ እዚህ ላይ ልተው። የወንድምህን ነፍስ የተቀበለ አምላክ ሐረጎን በሰላም ያውጣህ። የጎረስከው ይውረድልህ፣ የወረደው ይስማማህ። ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ።

እናትህ