መውጫ የሚያስከፍት ጠበቃ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ዳኛው አቤቱታዬን መለሱብኝ። አሥራ አንድ ገጽ በራሴ እጅ የጻፍኩት ነው። "አባቴ፣ አሳጥረውና አስተካክለው ያምጡ፤ ቢቻል ጠበቃ ያማክሩ" አሉኝ፣ በሰው ፊት። ለሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ቀጠሩኝ።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርኩት በራሴ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ገዝቼ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እና አሁን ጠበቃ!

ጭንቅላቴ ስለተምታታ ነገሩን በቅደም ተከተል ልጻፈው። ቤታችን እዚህ ሶዶ ከተማ፣ ከሌላ ሰው ግቢ ኋላ ነው። ከፊት ያለውን ግቢ ዓምና አንጁሎ የሚባል ከበዴሳ ከተማ የመጣ እህል ነጋዴ ገዛው። ገዝቶ አላበቃም፤ ወደ አስፋልቱ የምንወጣበትን መንገድ በቆርቆሮ ዘጋው። ባለቤቴ ዘነበች እግሯን ከታመመች ወዲህ ያለ ባጃጅ የትም አትሄድም። ባጃጁ ደጃችን ድረስ ይመጣ ነበር። አሁን መውጫችን የጎረቤታችን የሱልጣን ሱቅ ሆኗል። በጓሮ በር ገብተን፣ በስኳር ጆንያና በዘይት ጀሪካን መሃል አልፈን በፊት ለፊት እንወጣለን። ሱልጣን ለሶላት ሲሄድ ሱቁን ይዘጋል፤ እኛም አብረን እንዘጋለን።

"ጋሽ ማዴቦ፣ ባለፋችሁ ቁጥር አንድ ሳሙና ብትገዙኝ ይሄኔ ፎቅ ሠርቼ ነበር" ይላል። ይቀልዳል እንጂ ፊቱን አጥቁሮብን አያውቅም።

ዘነበች ግን ከመስቀል ወዲህ ከቤት አልወጣችም። "እንደ ጆንያ ተሸክማችሁ በሰው ሱቅ አታሳልፉኝ" አለች። ቆርጣለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አቶ ታደለ ዘንድ ሄድኩ። ጠበቃ ነው፣ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነው። ችግሩ አንጁሎም የዚያችው ቤተ ክርስቲያን ምእመን መሆኑ ነው።

"ጋሼ፣ አማኝ አማኝን በዓለም ፍርድ ቤት አይከስም። ሽማግሌዎች እንደገና ይቀመጡ" አለኝ።

ተቀምጠው ነበር እኮ! አንጁሎ በሽማግሌዎች ፊት "እከፍታለሁ" ብሎ፣ ጸሎት ተደርጎ፣ ተቃቅፈን ተለያየን። በማግስቱ ለቆርቆሮው የሲሚንቶ ምሰሶ አቆመለት።

"እንግዲህ ልቡ እስኪለሰልስ እንጸልይ" አለ ታደለ።

"ጸሎቱን እኔ እጸልያለሁ። አንተን የፈለግሁህ ለክሱ ነው" አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ለጠበቃ ሁሉ የማቀርበው አንድ ጥያቄ አዘጋጅቻለሁ፦ እኔ ብሳሳት ትነግረኛለህ? ጠየቅሁት። "ጋሽ ማዴቦ ደግሞ መቼ ተሳስተው ያውቃሉ!" አለ።

ሰረዝኩት። እንዲህ የሚለኝ ሰው ወይ አያውቀኝም፣ ወይ ይፈራኛል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ልጄ ምሕረት አስተማሪ ናት፤ በመምህራን ክፍል አጠያይቃ "ሳሙኤል የሚባለው ጠበቃ አይረታም ይላሉ" አለችኝ። በዙሪያችን እስካሉት ከተሞች፣ እስከ ቦዲቲና ገሱባ ድረስ ስሙ ይጠራል። ቢሮው ሄድኩ፤ ሰው አይጠፋበትም። ሁለት ስልክ፣ ሁለቱም ይጮኻሉ።

ያለኝን ሁሉ ነገርኩት። የፊቱን ግቢ ለአንጁሎ የሸጡት የቀድሞው ባለቤት የዳልኬ ልጆች መሆናቸውን። ዳልኬ ወደ ጌታ እስኪሄድ ድረስ በወዳጅነት፣ በቃል ብቻ እንዳሳለፈን። ወረቀት እንደሌለኝ። ይሄንንም ነገርኩት። ለጠበቃና ለሐኪም አይዋሽም።

"ቀላል ነው" አለ። "መንገዱ ከጥንት ጀምሮ የእርስዎ ይዞታ እንደነበር የሚመሰክሩ ሦስት ሰዎች አሉኝ።"

"እነማን ናቸው?"

"እሱን ለእኔ ይተዉት።"

"እኔ የማላውቃቸው ሰዎች የእኔን መንገድ በየት በኩል አወቁት?"

"ጋሼ፣ ፍርድ ቤት ሰንበት ትምህርት ቤት አይደለም።"

ባርኔጣዬን አንስቼ ወጣሁ። ጥያቄዬን ማንሳትም አላስፈለገኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ ከሁሉም የባሰ ነው።

ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣ ደረጃው ጠባብ፣ ሰላማዊት የምትባል ጠበቃ አለች። ዕድሜዋ ከምሕረት ያንሳል። አሥራ አንዱንም ገጽ እርሳስ ይዛ እስከ መጨረሻው አነበበች፤ አላቋረጠችም፣ ስልክም አላነሳችም። በዚህ ደስ ብሎኝ ነበር።

"ጋሼ፣ ብዙ ነገር ጠይቀዋል" አለች። "ቤቱ ይፍረስ፣ በጉባኤ ፊት ይቅርታ ይጠይቅ፣ የንግድ ፈቃዱ ይነጠቅ..."

"ይነጠቅ!"

"እሺ። ከነዚህ ውስጥ እማማ ዘነበችን ከቤት የሚያስወጣቸው የትኛው ነው?"

ገጾቹን መልሼ አገላበጥኩ። ቀጠለች፤ "መሬቱ የእሱ ነው፣ ጋሼ። አቶ ዳልኬ ያሳለፏችሁ በበጎ ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱ ደግሞ ከሳቸው ጋር አልፏል። ነገር ግን ሕጉ መውጫ ለሌለው ሰው በጎረቤቱ መሬት የማለፍ መብት ይሰጣል። ካሳ ከፍሎ።"

አንቀጹን አውቀዋለሁ። እሷ የሕግ መጽሐፉን ገልጣ በጣቷ ካሳ የሚለውን ቃል አሳየችኝ። እዚያው ቁጭ ብሏል። ሁለት ጊዜ ሳነበው የት ሄዶ ነበር?

"ስንት ዘመን በሄድኩበት መንገድ ላይ ለአንጁሎ ልክፈል? ለመሆኑ አንቺ የማን ጠበቃ ነሽ?"

"እስካሁን የማንም።"

"እንግዲያው ሂጂና ለአንጁሎ ቁሚ!" ብያት ደረጃውን ወረድኩ። ጥያቄዬን ሳልጠይቃት ወጣሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ዛሬ የትም አልሄድኩም። ሦስቱን እያነጻጸርኩ ዋልኩ።

ታደለ፦ ደግ ነው፣ ግን አይከራከርም።
ሳሙኤል፦ ይከራከራል፣ ግን በውሸት።
ሰላማዊት፦ አትዋሽም፣ ግን መሬቱን ለጠላቴ ሰጥታ ትጀምራለች።
እኔ ራሴ፦ ዳኛው አልወደዱኝም።

ከዚህ ውስጥ የቱ ይመረጣል? በቅሎ መግዛት ይሻላል፤ ጥርሷ ይታያል።

ሱልጣን ለጁምዓ ሄዶ ሱቁ ተዘግቶ ሳለ ምሕረት የእናቷን መድኃኒት ይዛ መጣች። የምትገባበት የለም። በአንጁሎ ቆርቆሮ ላይ በረጅም ዱላ አንጠልጥላ አቀበለችኝ። ዘነበች በመስኮት ታያለች።

"የምሕረት አባት" አለችኝ በኋላ፣ "መንገዱ የማን ነው ብዬ ጠይቄህ አውቃለሁ?"

"አታውቂም።"

"ታዲያ ለማን ነው ቀኑን ሙሉ የምትመልሰው?"

 ሰላማዊትም እንዲህ ያለ ነገር ነበር የጠየቀችኝ። ሁለቱ አይተዋወቁም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ገበያ ውስጥ፣ ጤፍ ተራ፣ አንጁሎ አገኘኝ። በአማርኛ ጀምሮ ሲናደድ ወደ ወላይትኛ ዞረ፤ ሰው ቆሞ ሰማ።

"አንተ ሽማግሌ! የሶዶን ጠበቃ ሁሉ አዳርሰህ በር ዘጋህብኝ፣ አይደል?"

"በር የዘጋው ማን ነው?" አልኩት። ሰው ሳቀ። እሱ ባሰበት።

ከንግግሩ እንደተረዳሁት እሱም ጠበቃ ሲፈልግ ሰንብቷል። ታደለ ለእሱም እንጸልይ ብሎታል። ከዚያ ሰላማዊት ዘንድ ሄደ። "ጋሽ ማዴቦ ቀድመው ምስጢራቸውን ነግረውኛል፤ በሳቸው ላይ መቆም አልችልም" ብላ መለሰችው። የፈለግሽውን ያህል ልክፈል ቢላትም እምቢ አለች።

"ሳሙኤል ግን ወንድ ነው!" አለኝ አንጁሎ። "በአንድ ቃል ተቀበለኝ። ወረቀት እንደሌለህም ነግሮኛል!"

ጤፉን ሳልገዛ ተመለስኩ። አልገባኝም። ሰው የመሰከረለት፣ ስሙ እስከ ገሱባ የተጠራው፣ አፌን አምኜ የሰጠሁት ሰው ቃሌን ወስዶ ሸጠው። ሂጂና ለጠላቴ ቁሚ ያልኳት ልጅ አልቆመችም። እንዲህ ከሆነ ሰው በምን ይመረጣል?

እሁድ፣ ኅዳር 14

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አንጁሎ ከኋላዬ ተቀምጦ ከሁሉም በላይ ጮኾ ዘመረ። ታደለ ሁለታችንንም በእኩል ፈገግታ ጨበጠን።

መጸለይ አቃተኝ። ካሳ የሚለው ቃል ይመላለስብኛል።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

የሰላማዊትን ጠባብ ደረጃ ወጣሁ። ይቅርታ አልጠየቅሁም፤ እሷም አልጠበቀችም።

"በካሳው አልተስማማሁም" አልኳት።

"አውቃለሁ፣ ጋሼ።"

"ቢሆንም ትቆሚልኛለሽ።"

"አንድ ነገር ካደረጉልኝ። ረቡዕ ዳኛው ካልጠየቁዎት በስተቀር አይናገሩም።"

"አንጁሎ ቢሰድበኝስ?"

"ቢሰድብዎትም።"

ከገንዘቡ ይልቅ ይሄ ከበደኝ። አሥራ አንዱን ገጽ ወደ አንድ ገጽ ተኩል አወረደችው። ሌባ የሚለውን ቃል በየቦታው እየፈለገች ስትሰርዝ አጠገቧ ተቀምጬ አየሁ። በየአንቀጹ ነበረ። አንዱን እንኳ ተዪልኝ ብላት "ለየትኛው በር ይጠቅማል?" አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ውክልናውን ፈረምኩ። ጥርት ባለ ፊርማ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ዝም ማለት ተለማመድኩ። ዘነበች አንጁሎን ሆና ሰደበችኝ፤ "አንተ መንገድ ወዳድ ሽማግሌ!" አለችኝ። መለስኩላት። እንደገና ሞከርን። እንደገና መለስኩላት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው እንዲህ የሳቀችው።

ለነገው ፈራሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ችሎት ላይ ሳሙኤል ተነስቶ በቢሮው የነገርኩትን ቃል በቃል ተናገረ። "ከሳሹ ወረቀት የላቸውም! ራሳቸው ያውቁታል! በሰው መሬት ላይ ዓይናቸውን የጣሉ ሰው ናቸው!" አለ። ብድግ አልኩ። ሰላማዊት የኮቴን እጅጌ ይዛ አስቀመጠችኝ። ተቀመጥኩ። ምላሴን ነከስኩ።

ከዚያ እሷ ተነሳች። ድምፅዋን እንኳ አላነሳችም።

"ትክክል ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት፣ ወረቀት የለንም። መሬቱም የተከሳሽ ነው። እኛ የጠየቅነው ባለቤታቸው ታመው ከቤት የሚወጡበት ስለሌላቸው መውጫ እንዲሰጠን ነው። ካሳውን ባለሙያ ይገምተው፤ እንከፍላለን።"

ሳሙኤል ወረቀቱን አገላበጠ። መሬቱ የማን ነው ለሚለው ነበር ተዘጋጅቶ የመጣው፤ የሚከራከርበት ጠፋው። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መንገዱ የአንጁሎ ነው ተብሎልኝ ዝም አልኩ። ፊቴ ይነድ ነበር።

ዳኛው ቦታው በባለሙያ እንዲታይ አዘዙ። እስከዚያ ባጃጅ የሚያሳልፍ ያህል እንዲከፈት አሉ። ለጊዜው ነው። ዋናው ፍርድ ገና ነው፤ ይግባኝም ሊኖር ይችላል፤ ካሳው ስንት እንደሚሆን አላውቅም። ስንወጣ "መልካም አደረጉ፣ ጋሼ" አለችኝ። ምን እንዳደረግሁ አልገባኝም። ዝም ነው ያልኩት።

የምጽፈው አመሻሽ ላይ ነው። አንጁሎ እያጉረመረመ ሦስት ቆርቆሮ ነቀለ። ባጃጁ መስተዋቱን አጥፎ ገባ። ዘነበች ነጠላዋን ለብሳ፣ በምሕረት ተደግፋ፣ በራሷ እግር ተራምዳ ገባችበት። ሱልጣን በሱቁ በር ቆሞ "ደንበኛ አጣሁ!" ብሎ ጮኸ።

ሐኪም ቤት ደርሰው የሚመለሱ መስሎኝ ነበር። ቆዩ። እስካሁን ትክክለኛውን ጠበቃ ይዤ እንደሆነ ራሴን እየጠየቅሁ በክፍቱ በር አስፋልቱን አያለሁ። አሁን ምሕረት ደወለች።

"አባዬ፣ ከከተማ ወጥተን በቦዲቲ መንገድ ላይ ነን።"

"እዚያ ምን አላችሁ?"

"ምንም። እማዬ ሾፌሩን ገና ንዳው እያለችው ነው።"