አልዳንኩም ያልኩበት እሁድ

ልጄ ሜሪ፣ ጌታ ባለሽበት አገር ይጠብቅሽ፤ መውጫ መግቢያሽን ይባርክልኝ። አባትሽ ደህና ነው። የአዳማ ሙቀት ግን ዘንድሮ አላስቀምጥ ብሎናል።

በስልክ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ባለፈው እሁድ በቤተ ክርስቲያን የጸሎት መሪያችን ወንድም አዶኒያስ ማይኩን ሰጠኝና «እህት ዘርፉ፣ ከካንሰር መዳንዎን ይመስክሩ» አለኝ። ከጸለየልኝ ሁለት ሳምንቱ ነበር። እብጠቱ ግን እዚያው ነው፤ ከኬሞውም ገና አራት ዙር ይቀረኛል። ጉባኤው እጁን አንስቶ ይጠብቃል። ሠላሳ ዓመት አብሬያቸው ስዘምር አንድም ቀን አሳፍሬያቸው አላውቅም።

«ወገኖቼ፣ አልዳንኩም። ጌታ ግን አልተለየኝም፤ መድኃኒቴንም አላቋርጥም» አልኩ።

አንድ ሰው እንኳ አሜን አላለም። አዶኒያስ ማይኩን ወሰደና መዝሙር አስጀመረ።

ስወጣ በር ላይ ከአቦምሳ የመጣች አያንቱ የምትባል ሴት እጄን ያዘችኝ። «እኔም ጡቴ ላይ እብጠት አለብኝ። እዚህ ጸልየውልኝ ተፈውሰሻል ካሉኝ ወዲህ፣ እምነት የላትም እንዳልባል ሐኪም ጋ አልሄድኩም» አለችኝ። ሰኞ አብረን ሄድን። ናሙና ተወስዶላት ውጤት እስኪመጣ እኛ ቤት ናት። ድሮ የምጸልየው እኔ እንድድን ብቻ ነበር፤ አሁን የእሷን ስም አስቀድማለሁ።

የእኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። አክስትሽም በዚሁ በሽታ ነው የሄደችውና፣ ሥራ በዛብኝ ሳትዪ ተመርመሪ። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን እውነቱን ንገሪኝ። ጌታ ክፉ ወሬ አያሰማን፤ ከሰማንም ብቻችንን አይተወን።

እናትሽ ዘርፉ