ጠርጣራዋ ወይዘሮ ሰርካለም ቢተው

ወይዘሮ ሰርካለም ቢተው ከአባታቸው ከአቶ ቢተው ገብረመስቀልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ሙሉሃብት በ1950 ዓ.ም. በላስታ፣ ብልባላ ተወለዱ። ላሊበላ ከዘመድ ቤት ተቀምጠው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1971 ዓ.ም. ከአቶ ደሳለ ሰጠኝ ጋር በተክሊል ተጋብተው ዘመንንና ሙሉሰውን ወልደዋል። ባለቤታቸው በ1996 ዓ.ም. ሲያርፉ ቤታቸውን ክፍል በክፍል እያስፋፉ የእንግዳ ማረፊያ አደረጉት።

አክስታችን ደግ ነበሩ፤ ሰው ግን አያምኑም። ይህን ብንደብቅ እዚህ የተሰበሰበው ሐዘንተኛ ሁሉ ይታዘበናል። የቆለፉትን በር እንኳ ተመልሰው ሳይገፉት አይሄዱም ነበር።

በ2010 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ሠራተኛው የኔሰው፣ ኤሌክትሪክ ከሽቦ አፈትልኮ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲፈስ በራሱ የሚያጠፋ ብሬከር ገጠመላቸው። ብሬከሩ ግን በየጊዜው እየወረደ እንግዶች በሳሙና እንደተለቀለቁ ውሃ ይቀዘቅዝባቸው ጀመር። አክስታችን የጠረጠሩት አጥር ለአጥር የሚዋሰኗቸውን፣ እንደ እርሳቸው እንግዳ የሚያሳድሩትን አቶ ጥሩሰውን ነበር።

የኔሰው፣ "እትዬ፣ የሚያጠፋው ሰው አይደለም። አንድ ቦታ እያፈሰሰ ነው፤ ፈልጌ ላግኘው" ቢላቸው፣

"አንተንም የላከህ እሱ ይሆናል" ብለው አሰናበቱት። ሌላ ሠራተኛ አስጠርተው መስመሩ ብሬከሩን ዘሎ እንዲያልፍ አስደረጉ። መብራቱ መጥፋቱን ተወ። "አላልኳችሁም?" አሉን።

ብዙም ሳይቆይ ልብስ አጣቢያቸው ትርሐስ በእርጥብ እጇ የማጠቢያ ማሽኑን ስትነካ ኤሌክትሪክ ያዛት። ጩኸቷን ሰምተው፣ አጥር ዘለው ዋናውን ማጥፊያ ያወረዱት አቶ ጥሩሰው ናቸው። ትርሐስ ተረፈች፤ የቀኝ እጇ ጣቶች ግን ዛሬም በደንብ አይታጠፉም። አክስታችን በዚያች ሰዓት እንኳ "እንዴት እንዲህ ቶሎ ደረሰ?" ሲሉ የሰማናቸው አለን።

የኔሰው ተለምኖ ተመለሰ። ብሬከሩን መልሶ አስገብቶ ዕቃውን ተራ በተራ ሲሰካ፣ ማሽኑ ላይ ሲደርስ ብሬከሩ ወረደ። ማሽኑን ቢፈታው፣ ውስጥ ያለው ሽቦ ከብረቱ ጋር እየተፋተገ ልባሱ ተልጦ ኖሯል። አክስታችን ሽቦውን ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ጎረቤታቸው ሄዱ።

"ጥሩሰው፣ በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ።"

"እኔም ያው ነኝ፣ እትዬ። የኔ ቤት መብራት ሲጠፋ የምጠረጥረው እርስዎን ነበር" አሏቸው።

ትርሐስንም "በእኔ እልክ የመጣ ነው" ብለው አሳከሟት፤ ከዚያም ቤታቸው እንደ ልጅ አኖሯት።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የልብ ሕመም አልጋ ላይ ሲያውላቸው አቶ ጥሩሰው አጥሚት እየያዙ ይጠይቋቸው ነበር። አክስታችን ኩባያውን ተቀብለው ይመለከቱና፣ "መጀመሪያ አንተ ቅመስ" ይሏቸዋል። አቶ ጥሩሰው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ይቀምሳሉ። ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት ግን አክስታችን ሳያስቀምሷቸው ተቀብለው ጠጡ። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ሁለት ልጆቻቸውን፣ ትርሐስን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኛን የእህታቸውን ልጆችና ጎረቤታቸውን አቶ ጥሩሰውን በሐዘን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ መካከል ያስቀምጥልን፤ ለቀረነውም ጽናቱን ያድለን። አሜን።