ስንቅ የሌለው ድል

አያ ታከለ፣ የልጆቼ አባት፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው። እኛ አሁንም ሱዳን፣ ቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ ነን። ድንኳኑ ቀርቶ የሣር ጎጆ ሠርተናል። ልጃችን አለሚቱ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ እኔም በእሷ ፊደል ገበታ ለብቻዬ ማንበብ ለመድኩ። ብታየኝ ትስቅ ነበር።

ካምፑ ሻይ ቤት ታነሳው የነበረውን ክርክር ሳስበው ከረምኩ። በዱላህ መሬት ላይ ደሴት ትስልና፣ ጃፓኖች ከመርከብ በተነሱ አውሮፕላኖች የአሜሪካኖችን ወደብ፣ ፐርል ሀርበርን፣ በድንገት የመቱ ጊዜ ጦር ቢያወርዱ ኖሮ ደሴቱ የእነሱ ይሆን ነበር ትል ነበር። አብረውህ የሚቀመጡት ሁለቱ ሰዎች ጄኔራል ታከለ እያሉ ያሾፉብህ ነበር። አንተ ግን መያዙ ነው እንጂ ሌላው በኋላ ይመጣል ብለህ ትጸና ነበር።

የአለሚቱ መምህር የዚያን ጦርነት ታሪክ መጽሐፍ አዋሰኝና ቀስ እያልኩ አነበብኩት። አይሆንላቸውም ነበር፣ አያ ታከለ። ከሩቅ የመጡት መርከቦች የጫኑት አውሮፕላንና ቦምብ ነው እንጂ ምድር የሚይዝ ጦር አይደለም። ደሴቱም ብዙ ወታደር ነበረበት። ቢይዙትስ? ያ ሁሉ ሕዝብ አብዛኛው ምግቡ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነበር። በምን ያበሉታል? ይህስ መጽሐፍ አያሻውም። ዝናብ መንገዱን ቆርጦ የማሽላው ሎሪ ከገዳሪፍ ከተማ ሳይመጣ ሲቀር ካምፑ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ።

አንተም መሬቴን ልያዝ ብለህ፣ ዘር በጋቢህ ጫፍ ቋጥረህ፣ ያለ ስንቅ ወደ አገራችን ሄድክ። እንደማይሆን ልቤ ያውቅ ነበር፤ በሰው ፊት እንዳላሳፍርህ ብዬ ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ዛሬም ይከብደኛል። ከዘሩ አንዲት ፍሬ ሳትቀምስ ዘርተህ፣ በረሃብ እንደ ወደቅክ ነገሩኝ።

ግን የዘራኸው በቀለ። የአገር ቤት ጎረቤታችን አጭዶ፣ ለዘር የሚሆነንን ላከልን። እንዳይነቅዝ ከምድጃው በላይ ሰቅዬ ጭስ ሳጠጣው ከረምኩ።

ዘንድሮ እንመለሳለን። እዚሁ ባሱንዳ በሰው እርሻ በቀን ሥራ ውዬ ያጠራቀምኩት ማሽላ እስከ እሸት ያደርሰናል። ስንቁ በአንድ ኬሻ፣ ዘርህ በሌላ ነው፤ ልጆቹም የትኛው እንደማይነካ ያውቃሉ። ጄኔራል እያሉ ያሾፉብህ ሁለቱም አብረውን ይሄዳሉ። ስንቃችሁን አሳዩኝ ብዬ ነው እሺ ያልኳቸው።

የመጀመሪያውን እሸት መቃብርህ ዳር ተቀምጠን እንበላለን። በየዓመቱም፣ ከእሸቱ በፊት፣ ስምህን እናነሳለን።