ስለ ጭስ መለኪያችን ክብርና ስለ ጠፋው አውቶቡሳችን

ለክቡር ከተማችንን ከካርቦን ልቀት ነፃ የማድረግ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እያልኩ፣ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ እንዲሁም ያ ቀኑን ሙሉ ሞተሩ ሳይጠፋ በር ላይ የሚጠብቅዎት መኪናዎ በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ዕድሜዬን በመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት ለአለቆች ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ዛሬ ከታላቅ እህቴ ጋር በሞዴል መንገድዎ ላይ የምኖር ሴት ነኝ። በሰው ስም ስንት ምስጋና ጽፌያለሁ መሰለዎት! በራሴ ስም ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ከልክ ያለፈ ምስጋና ቢያገኙበት የልምድ ማነስ ነውና ይለፉኝ።

ደብዳቤው ግልጽ ነውና ሌላም አንባቢ እንዳይቸገር ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ጽሕፈት ቤትዎ ከተማችን ወደ ሰማይ የምትለቀው ካርቦንና መልሳ የምትመጠው እኩል እንዲሆን፣ ሂሳቡም ዜሮ እንዲመጣ ታጥቆ ተነሥቷል። እሰይ፣ ደግ አደረጋችሁ። ሙቀቱ ከዓመት ዓመት ሲከፋ የምናይ ሰዎች ነንና በዚህ የምንጣላበት ምክንያት የለም። ለሙከራ የእኛ መንገድ «ሞዴል መንገድ» ተብሎ ተመረጠና በቤታችን ፊት ለፊት ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ የጭስ መለኪያ ተሰቀለ፤ ከሥሩም ቁጥሩ ከፍ ሲል የሚቀላ፣ ዝቅ ሲል አረንጓዴ የሚሆን ሰሌዳ ተደረገ። ሳምንት ሳይሞላ ሰሌዳው አሥሬ እየቀላ አስቸገረ። ሲጣራ ጥፋተኛው አውቶቡሱ ሆኖ ተገኘ። አውቶቡሱን ከመንገዳችን አነሣችሁት፤ ሰሌዳው አረንጓዴ ሆነ፤ ሠርግ ቀረሽ ደስታ ሆነ። እነሆ ከዚያ ወዲህ ያጠራቀምኩትን ምስጋና በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በምርቃቱ ዕለት ስላከበሩን አመሰግናለሁ። ከእንግዶችዎ ጋር በተከታተሉ መኪኖች መጥተው ንግግርዎን እስኪጨርሱ ድረስ፣ ሾፌሮቹ ቀዝቃዛው አየር እንዳይቋረጥ ብለው ሞተር ሳያጠፉ መጠበቃቸው፣ ፀሐይ ላይ ቆመን ለምናዳምጥ ሰዎች ትልቅ ትምህርት ነበር። ያች መሰላል ላይ የወጣችው ወጣት ባለሙያዎ መለኪያውን ልትከፍት እጇን ስትሰድ፣ ከእንግዶቹ አንዱ መኪኖቹ እስኪሄዱ ድረስ እንድትቆይ በእጁ ምልክት ሲሰጣት ሳይ፣ ጥንቃቄ ማለት ይህ ነው ብዬ አፌን ይዤ ቀረሁ። ምስኪኗ ልጅ እንግዳው ሁሉ ጠቅልሎ እስኪወጣ እዚያው መሰላሉ ላይ ተሰቅላ ቆየች፤ ውሃ ያቀበልናት እኛ ነን። መለኪያው የሚያውቀው ከፊቱ ያለውን አየር ብቻ እንደሆነ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን እንደማያውቅ የነገረችንም ያኔ ነው። እባክዎን እንዳይቆጧት፤ ጨቅጭቀን ያናገርናት እኛ ነን።

ሁለተኛ፣ ስለ አውቶቡሱ መነሣት። እውነቱን ለመናገር አሮጌ ነበር፤ ዳገቱን ሲወጣ ሲያስለው የቤታችን መስኮት ይንቀጠቀጥ ነበር። ነገር ግን ጠዋት ጠዋት የሰፈሩን ሰው በሙሉ አጭቆ ይወስድ ነበር። ያ ሁሉ ሰው አውቶቡስ ተነሣ ተብሎ ሥራውን ትቶ ቤቱ አልተቀመጠም። መኪና ያለው በመኪናው፣ የሌለው በታክሲ፣ ለታክሲ አቅም ያጣው ጎረቤቱን ለምኖ ይሄዳል። ታዲያ የሚያጨስ መኪና በመለኪያው ፊት እንዳያልፍ ስለተከለከለ ሁሉም በጓሮ ባለው መንገድ ይዞራል፤ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ተጨናንቆ ይቆማል፤ ቆሞም ያጨሳል። እዚያ መለኪያ የለም፤ እዚያ ያለው መዋዕለ ሕፃናት ነው። መምህራኑ በዚህ ሙቀት መስኮት ዘግተው ነው አሉ የሚያስተምሩት። የአንድ አውቶቡስ ጭስ ቀረ፣ የስንትና ስንት መኪና ጭስ ተጨመረ፣ ሰሌዳው ግን አረንጓዴ ነው። እንዲህ ያለ ሂሳብ በመሥሪያ ቤት ዘመኔ አላየሁም ብል እዋሻለሁ፤ አይቻለሁ፣ እንዲህ አምሮበት ግን አላየሁም።

ሦስተኛ፣ ይህኛው ከሌሎቹ ረዘም ይላልና ይታገሡኝ። ታላቅ እህቴ ኩላሊቷ ሥራ ስላቆመ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል እየሄደች ደሟን በማሽን ታሳጥባለች። ይህን ካላደረገች አትኖርም፤ ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ የማስረዝመው የለኝም። አውቶቡሱ ሳለ ከደጃፋችን ተሳፍራ ሆስፒታሉ በር ላይ ትወርድ ነበር። ሰፈሩ «ይቀመጡ» የሚል ስም ያወጣለት ሾፌር ነበረን፤ አንድ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ቆመው ካየ መኪናውን የማያንቀሳቅስ፣ ተሳፋሪው ቢያጉረመርምም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ በመስታወቱ እያየ «ይቀመጡ እንጂ እማማ፣ እኔ የትም አልሄድ» የሚል ሰው ነበር። እህቴ ስትመለስ ጉልበት ስለማይኖራት ወርዶ ክንዷን ይዞ በራችን ድረስ ያስገባት ነበር። ተሳፋሪውም ለምዶት ዝም ብሎ ይጠብቅ ነበር፤ እንዲያውም ፈጥና የወረደች ቀን ዛሬ በረታሽ ብለው ያጨበጭቡላት ነበር። አሁን «ይቀመጡ» ወደ ሌላ መስመር ተዛውሮ የውሃ ሽታ ሆኗል።

ዛሬ የሚያደርሳት ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ደንበኛ እያስጠበቀ፣ አንዳንዴም ግማሽ ጭንቅላት የተላጨ ሰው ወንበር ላይ ትቶ። መኪናው ከእኔ ዕድሜ ብዙም አታንስም። ከደጃፋችን ብትነሣ ሰሌዳው ደም ይመስላል፣ ደንብ አስከባሪውም ፊሽካውን ይነፋል። ስለዚህ ከዳገቱ ሥር፣ ከመታጠፊያው ወዲያ፣ መለኪያው የማያውቅበት ቦታ ትቆማለች፤ እህቴም እዚያ ድረስ በእግሯ ትወርዳለች። መውረዱስ ይሁን። ከማሽን የወጣ ሰው ያንን ዳገት እንዴት እንደሚወጣው ግን ለክቡርነትዎ በአጭሩ ላስረዳ፤ አይወጣውም። እኔና ፀጉር አስተካካዩ ግራና ቀኝ ይዘን፣ በየደረስንበት ደጃፍ እያስቀመጥን፣ ባለቤቶቹም ወንበር እያወጡልን ነው የምናደርሳት። ባለፈው ሳምንት እቤታችን ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ጉልበቷ ታጥፎ ከምሰሶው ሥር አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለች። ሰሌዳው ከላይዋ አረንጓዴ ያበራል። ቀና ብላ አየችውና፣ እሰይ እኔስ አላጨስኩም ማለት ነው ብላ ሳቀች። ፀጉር አስተካካዩም አብሯት ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ፊቴን አዙሬ እንባዬን ጠረግሁ።

አራተኛ፣ በአደባባዩ ላይ ስለተነጠፈው የፕላስቲክ ሣር አመሰግናለሁ። አቧራ ሲለብስ መልኩ ስለሚጠፋ የውሃ ቦቴ እየመጣ በሞተር ፓምፕ ያጥበዋል። ሣር ገላውን ሲታጠብ በዕድሜዬ አየሁ፣ ተመስገን። ቀድሞ እዚያ የነበረው እውነተኛ ሣር ማንም ሳያዘው ራሱ ይበቅል ስለነበር ለሪፖርት አይመችም ነበር መሰለኝ።

አምስተኛ፣ የሞዴል መንገዳችንን ሽልማት ለመቀበል ልዑካንዎ በአውሮፕላን ባሕር ተሻግረው በሰላም በመመለሳቸው እንኳን ደስ ያላችሁ። አውሮፕላኑ በመለኪያው ፊት ስላላለፈ ምንም አላጨሰም።

ስድስተኛ፣ በሰፈሩ ስብሰባ ላይ ተገኝተው ስላዳመጡን። እንደሚያስታውሱት እኛም ከተማዋ እንድትነጻ የምንፈልግ ሰዎች መሆናችንን ተናግረን፣ አውቶቡስ ካጨሰ የማያጨስ አውቶቡስ ይምጣልን እንጂ አውቶቡስ አይጥፋብን ብለን ነበር። በኤሌክትሪክ የሚሄደው እስኪመጣ ድረስ የአሮጌው ሞተር ይታደስ፣ ሰው መኪናውን ትቶ እንዲሳፈር አውቶቡሱ ቶሎ ቶሎ ይመላለስ፣ ለእግረኛውም መሄጃና ጥላ የሚሆን ዛፍ ይኑረው አልን። ከኋላ የተቀመጠችው ባለሙያዎ ራሷን በመስማማት ስትነቀንቅ አይቻታለሁ። ክቡርነትዎም በትዕግሥት አድምጠው በቀጣዩ ምዕራፍ ይታያል አሉን። ኧረ በሞቴ! ይህን ቃል እኮ በስንት አለቃ ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይታያል የተባለ ነገር የት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ፤ የመሳቢያው ቁልፍ እኔ ጋ ነበር። ኩላሊት ደግሞ ምዕራፍ አይጠብቅም።

እንግዲህ ምስጋናዬ ይህን ያህል ከሆነ፣ አንዲት ትንሽ ልመና ባስከትል ዓይኗን በጨው የታጠበች አይበሉኝ። የሰፈራችን ሰው ይህን የመሰለ ክብር ለብቻችን ይዘን መቀመጣችን ስስት ነው ብሎ በአንድ ድምፅ ተስማምቷል። ስለዚህ መለኪያው ከነሰሌዳው ከእኛ ደጃፍ ተነቅሎ በክቡርነትዎ መኖሪያ በር ላይ እንዲሰቀል፣ መኪናዎም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመታጠፊያው ወዲያ ቆሞ እንዲጠብቅዎ፣ እርስዎም ጠዋት ጠዋት ንጹሕ አየር እየሳቡ ወደዚያ በእግርዎ እንዲወርዱ በአክብሮት እንጠይቃለን። መሰላሉን ከየትም ፈልገን እኛው እናቀርባለን፤ ለባለሙያዋም ውሃ አይጠፋም። እኛ ቀይም አረንጓዴም የማይበራልን ተራ ሰዎች ሆነን ደጃፋችን ላይ አውቶቡስ ብንጠብቅ ቅር አይለንም። የማያጨሰውን ካመጣችሁልን እሰየው፣ እንመርቃችኋለን፤ እስከዚያው ያንኑ የሚያስለውን መልሱልን።

ክቡርነትዎ ይህን ሁሉ እስከዚህ ድረስ ካነበቡ፣ ወይም አንብቦ የሚነግርዎ ሰው ካገኙ፣ ላሳለፉት ውድ ጊዜ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ሥልጣንዎ እንዲሰፋ፣ ሰሌዳዎ እንዲለመልም፣ ፈጣሪም ዳገት በሌለበት መንገድ ብቻ እንዲያኖርዎ የምመኝ፣ ምስጋናዋን ጽፋ የማትጨርስ ታዛዥዎ፣

ጡረተኛዋ ጸሐፊ፣ ከሞዴሉ መንገድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ልዘጋ ስል እህቴ ከመኝታዋ ጠርታኝ፣ ሰው ማስቸገር ሰለቸኝ፣ ያን ዳገት ሳስበው ከበሽታዬ ይልቅ እሱ ይገድለኛል፣ ነገ ሆስፒታል አልሄድም አለችኝ። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ እንቢ አለች። በትምህርት ቤት እንደተማርነው ሰው ሲተነፍስ የሚያወጣው ያንኑ ካርቦን ስለሆነ፣ እህቴ በዚሁ ሐሳቧ ከጸናች በቅርቡ የመንገዳችን ቁጥር በእሷ ትንፋሽ ልክ ዝቅ ይላልና ለሪፖርትዎ እንዲመችዎ አስቀድሜ አሳውቄያለሁ። ይህ ቅናሽ ግን እኔን አልጠቀመኝም። ያለችኝ እህት አንድ ናት።