የሩቂያ ዘር

ሐምሌ 23

የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ልጄን ሩቂያን ከወሰዳት ዛሬ ሃያ ቀን ሆነ። የጎረቤቴ የእት ሉባባ ማሳም አብሮ ስለታጠበ ዛሬ ዘር ልትጠይቀኝ መጣች። ያለኝን ዘር፣ ቶሎ የሚደርሰውን ማሽላ፣ ዝናቡ አይታመንም ብላ ኅዳር ላይ ዛላ ዛላውን መርጣ ከምድጃው በላይ ጭስ እንዲያገኘው የሰቀለችው ሩቂያ ናት።

«እጇ ያረፈበት ነው፤ አልሰጥም» አልኩ።

እት ሉባባ አልተቀየመችኝም። «አብሽሪ እቴ። ካልተዘራ ነቀዝ ይበላዋል። ነቀዝ ደግሞ የማን እጅ ነው ብሎ አይጠይቅም።»

ሳቅ አመለጠኝና ወዲያው አለቀስኩ። ዛላውን አወረድኩት፤ አብረን አሸነው።

«ሰው ከበላው ሰደቃ ይሆንላታል» አለችኝ ዘሩን ይዛ ስትወጣ። ኢንሻ አላህ።

ከሄደች በኋላ መሬት ላይ የተበተነውን ፍሬ ስለቅም ዋልኩ። ዶሮዎቹ ሲመጡ አባረርኳቸው። አንዷን ፍሬ እንኳ ላስበላ አልቻልኩም።